ፊኒክስ ያለው ፋብሪካ ሲያልቅ ታይዋን ትረሳለች?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦

«ፊኒክስ፣ አሪዞና የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። በከተማዋ ሰሜን በኩል ሳልፍ የታይዋኖቹን የቺፕ ፋብሪካ አያለሁ፤ ግንባታው ማለቂያ የለውም። ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ ‹አሜሪካ ታይዋንን እጠብቃለሁ የምትለው ለቺፑ ብላ ነው። ፋብሪካው እዚህ ካለቀ እርግፍ አድርጋ ትተዋታለች› ይላሉ። እውነት ነው? ለመሆኑስ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ የመዋጋት ግዴታ አለባት?»

ምላሽ

ወንድሜ፣ እኔ የምተዳደረው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አቅርቦት ነው። ለሕክምና መሣሪያ የሚሆኑ ቺፖችን እገዛለሁ። ከየት እንደሚነሱ፣ በየት በኩል እንደሚመጡ እከታተላለሁ። ከገበያ ሲጠፉ ደግሞ ካሉበት ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ነው። የታይዋንን ጉዳይ በቅርብ መከታተል የጀመርኩትም የምገዛው ዕቃ በአንድም በሌላም መንገድ ከዚያች ደሴት ጋር ስለሚገናኝ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው። በሕግ የተጻፈ የመዋጋት ግዴታ የለባትም። ታይዋንን መጠበቅ የጀመረችው ቺፕ የሚባል ነገር ከመፈልሰፉ በፊት ነው። አንተ በአጠገቡ የምታልፈው ፋብሪካ ሲያልቅ ደግሞ ጥገኝነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆረጥም። ረጅሙን ረጋ ብለን እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮሪያ ነው። በ1950 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ትሩማን በታይዋን ጉዳይ ጦር እንደማያስገባ በይፋ ተናግሮ ነበር። የኮሚኒስቶቹ መሪ ማኦ ዋናውን የቻይና ምድር ይዟል። የተሸነፈው የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት ወደ ደሴቲቱ ሸሽቷል። ዋሽንግተንም ታይዋን ዛሬ ነገ ትወድቃለች ብላ ቁርጧን አውቃ ነበር። ሰኔ ላይ ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወር ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ትሩማን በቀናት ውስጥ ሰባተኛውን የባሕር ኃይል ክፍል ወደ ታይዋን ሰርጥ አዘዘ። ጥበቃው የተጀመረው ያኔ ነው።

በዚያ የኮሪያ ጦርነት የእኛም ልጆች ነበሩበት። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ኮሪያ ገባ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ‹የጋራ ደኅንነት› የሚለውን ሐሳብ አጥብቀው የያዙበት ምክንያት ነበራቸው። በ1936 ጄኔቫ ላይ ያ ቃል ለእኛ ሳይፈጸም ቀርቷል። ሩቅ ያለ ወዳጅ የገባው ቃል ሲታጠፍ ምን እንደሚመስል እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

ቃኘው የተዋጋላት ኮሪያ ደሃ አገር ነበረች። ሰው የሚቋምጥለት ሀብት አልነበራትም። ዛሬ ግን ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ የዓለምን የሜሞሪ ቺፕ አብዛኛውን ይሠራሉ። መጀመሪያ ጥበቃው መጣ። ቀጥሎ ሰላሙ። ፋብሪካው የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው። የታይዋንም ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ጓደኞችህ ነገሩን ከጭራው ነው የያዙት።

ወደ ውሉ እንምጣ። በ1954 አሜሪካና ታይዋን የጋራ መከላከያ ውል ተፈራርመው ነበር። በ1979 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ካርተር ለቤጂንግ ዕውቅና ሰጠ፤ ውሉም በ1980 የመጀመሪያ ቀን አበቃ። ኮንግረስ በዚህ ተቆጣ። ባዶ እጃቸውን ልንተዋቸው ነው ወይ ብሎ በዚያው ዓመት የታይዋን ግንኙነት ሕግን አወጣ። ካርተር ሚያዝያ ላይ ፈረመበት። እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው።

ሕጉን ቁጭ ብለህ ብታነበው ትገረማለህ። አሜሪካ ለታይዋን መከላከያ የሚሆን መሣሪያ ታቀርባለች ይላል። በኃይል የሚመጣን ነገር ለመቋቋም የሚያስችላትን አቅም ይዛ ትቆያለች ይላል። የታይዋንን ዕጣ ከሰላማዊ መንገድ ውጭ ለመወሰን የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ እጅግ ያሳስበናል ይላል። አደጋ ከመጣ ደግሞ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረስ መክረው ይወስናሉ። ‹እንዋጋለን› የሚል ቃል ግን ከዳር እስከ ዳር ብትፈልግ አታገኝም።

ይህ የጸሐፊዎቹ ስህተት አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። በፖለቲካው ቋንቋ ስትራቴጂካዊ አሻሚነት ይሉታል። እኛ ሰምና ወርቅ ብንለው የበለጠ ይገባናል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰሚ አለው። ቤጂንግ ስትሰማው ‹ሊመጡ ይችላሉ› ብላ እጇን እንድትሰበስብ ነው። የታይዋን ዋና ከተማ ታይፔ ስትሰማው ደግሞ ‹ላይመጡ ይችላሉ› ብላ ነፃነት አውጄአለሁ እንዳትል ነው። ባይደን በ2021 እና በ2022 ደጋግሞ ‹አዎ፣ እንከላከልላታለን› ሲል ረዳቶቹ በየጊዜው ወጥተው ‹ፖሊሲያችን አልተለወጠም› ያሉት ለዚህ ነው። ወርቁን በአደባባይ ሲያወጣው ሰሙን መልሰው ያለብሱት ነበር።

ይህ አሠራር አንድ ጊዜ በግልጽ ተፈትኗል። በ1996 ታይዋን ሕዝቡ ራሱ ፕሬዚዳንት የሚመርጥበትን የመጀመሪያ ምርጫ ስታዘጋጅ ቻይና በደሴቲቱ ዙሪያ ሚሳኤል ተኮሰች። ክሊንተን ኢንዲፔንደንስና ኒሚትዝ የተባሉ ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ላከ። ምርጫው ተካሄደ፤ ነገሩም በረደ። ያኔ ቻይና ያን ያህል መርከብ የሚያስፈራ ነገር አልነበራትም። አሁን የአሜሪካ ጦር ሠፈር ያለባት ደሴት ጉዋም ድረስ የሚደርስ ሚሳኤል አላት። ጉዋም ከታይዋን 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርጡ ግን በጠበበበት ቦታ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሰህ ትንሽ እንደመቀጠል ነው። አንዱ ጎረቤት ነው፣ ሌላው መንገደኛ። በዚህ ርቀት ቃልን መጠበቅ ከ1996 ይልቅ ዛሬ በጣም ከባድ ሆኗል።

አሁን ቺፑ ጋ ደረስን። እኔን የሚመለከተኝ ይሄኛው ነው።

ሞሪስ ቻንግ የሚባል ሰው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቶ ለቀቀ። የታይዋን መንግሥት ጠራው። በ1987፣ በ55 ዓመቱ፣ ሺንቹ ከተማ ላይ ቲኤስኤምሲን፣ አንተ የምታየውን ፋብሪካ ባለቤት፣ መሠረተ። ከመነሻው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን መንግሥት አወጣ። ፊሊፕስም ገባበት። ሐሳቡ ያኔ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። የራሴን ቺፕ አልነድፍም፣ የሰው ዲዛይን ተቀብዬ እሠራለሁ አለ። ጨርቅህንና ልክህን አምጣ፣ ልስፋልህ እንደሚል ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ሰፊው ደንበኛውን ስለማይወዳደር ሁሉም አመነው። ዛሬ አፕል፣ ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲ፣ ኳልኮም የቺፕ ፋብሪካ የላቸውም። ዋናው ሰፊያቸው እሱ ነው።

የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ በቁጥር ልንገርህ። በ1990 ከዓለም የቺፕ ማምረት አቅም 37 በመቶው አሜሪካ ውስጥ ነበር። በ2020 ወደ 12 በመቶ ወርዷል። በ2021 የወጣ የአሜሪካ ሰሚኮንዳክተር ኢንዱስትሪ ጥናት ከ10 ናኖሜትር በታች ያሉትን በጣም የረቀቁ ቺፖች (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቺፑ ይረቃል) ሲቆጥር 92 በመቶው ታይዋን፣ ቀሪው 8 በመቶ ደቡብ ኮሪያ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ድርሻ ዜሮ ነበር።

ፋብሪካ ከሆነ ሌላ ቦታ አይተከልም ወይ ትላለህ። የቺፑን ንድፍ በብርሃን የሚያትመውን አንዱን ማሽን ብቻ እንይ። የሚሠራው በኔዘርላንድስ ፌልድሆቨን ከተማ ያለው ኤኤስኤምኤል ነው። ሌላ ሠሪ በዓለም የለም። ማሽኑ ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ በጠብታ ይረጫል፤ በሴኮንድ 50,000 ጠብታ። እያንዳንዷ ጠብታ አየር ላይ እንዳለች በሌዘር ሁለት ጊዜ ትመታለች። መጀመሪያ ትጠፈጠፋለች፣ ቀጥሎ ትነድዳለች። ከዚያ የሚወጣው ብርሃን በሌንስ አያልፍም፣ አየር እንኳ ይውጠዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ነው፤ ብርሃኑም የሚመራው በመስታወት እያነጠሩ ነው። መስታወቶቹ የጀርመን ናቸው። ሌዘሩ የጀርመን ነው። የብርሃን ምንጩ መነሻ አሜሪካ፣ ሳንዲዬጎ ነው። በሲሊከኑ ላይ የሚቀባው ኬሚካል አብዛኛው ከጃፓን ይመጣል። ዋፈር የሚሉት ሰሃን የመሰለው ሲሊከን ፋብሪካው ከገባ በኋላ ቺፕ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ታይዋንም ብትሆን ብቻዋን አትሠራውም። የእሷ ሀብት ይህን ሁሉ አቀናጅተው ሌሊት ከቀን የሚያሠሩት ሰዎች ናቸው።

በ2021 የገጠመኝን ላጫውትህ። የታማሚን ትንፋሽ በሚከታተል መሣሪያ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ቺፕ አለች። ዋጋዋ 3 ዶላር አይሞላም። የረቀቀች እንኳ አይደለችም፤ አሮጌ ትውልድ ናት። ሳዝዝ ‹52 ሳምንት ጠብቅ› ተባልኩ። አንድ ዓመት! መሣሪያው ሌላው ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ፣ እሷን ብቻ እየጠበቀ መደርደሪያ ላይ ተሰለፈ። ሆስፒታሎች በየቀኑ ይደውላሉ፤ ወቅቱ ኮሮና ነው። አንድ ደላላ 70 ዶላር ብሎ አመጣልን። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ጥጥ በአሴቶን ነክሬ የቺፗን ጀርባ አሸሁት። ጥጡ ጠቆረ። ጽሑፉ ተነሣና ከሥሩ ሌላ ቁጥር ብቅ አለ። ፎርጅድ ነው። አሮጌ ቺፕ ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ አዲስ ስም ጽፈውበታል። ያን ጥጥ ለብዙ ጊዜ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ያኔ ጦርነት አልነበረም። ሚሳኤል አልተተኮሰም። የመኪና ፋብሪካዎች ትዕዛዛቸውን ሰርዘው ነበር፤ በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ወረፋው ሞልቶ ጠበቃቸው። በዚያው ዓመት ታይዋን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ያላየችው ድርቅ ገባባት። መንግሥት የሩዝ ገበሬዎችን መስኖ ዘጋ፤ ካሳ እየከፈለ ማሳቸውን ጦም አሳደራቸው። ፋብሪካዎቹ ውኃ በቦቴ ያስመጡ ነበር። እንደ አገሬ ሰው ስለ እነዚያ ገበሬዎች አስባለሁ። እኛ የምንይዘው ስልክ እንዲወጣ ሩዛቸው ሳይዘራ ከረመ።

እንግዲህ ይህን ካየህ ዋናው ነገር ይገባሃል። ጦር ደሴትን ሊጠብቅ ይችላል። ፋብሪካን ሥራ ላይ እንዳለ ሊጠብቅ ግን አይችልም። ጦርነት በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን የመርከብ ኢንሹራንስ ይቆማል። የዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አይበርም። ታይዋን የምትጠቀመውን ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ነው የምታስገባው፤ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችቷ 11 ቀን ገደማ ነው። የመጨረሻውን የኒውክሌር ማመንጫዋን በ2025 ዘግታለች። ቺፕ ፋብሪካ ደግሞ ለቅጽበት መብራት ሲጠፋበት በመንገድ ላይ ያለው ዋፈር ይበላሻል። አሜሪካ መጥታ ብታሸንፍ እንኳ ቺፑ በዚያ መሐል ቆሟል። ቻይና ፋብሪካውን አንድ ብሎን ሳይጎድል ብትይዘውም ከኔዘርላንድስ ጥገና፣ ከጃፓን ኬሚካል ካልመጣ የሚያምር ባዶ አዳራሽ ነው የያዘችው። ስለዚህ ‹ለቺፑ ብላ ትዋጋለች› የሚለው አባባል አይገጥምም። ተዋግተህ የምታገኘው ዕቃ አይደለም። ቺፑን የሚጠብቀው ጦርነቱ አለመጀመሩ ብቻ ነው።

ታይዋኖች ራሳቸው ‹የሲሊከን ጋሻ› የሚሉት አላቸው። ማንም ስለሚጎዳ ማንም አይነካንም የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ቻይና ራሷ ለቺፕ የምታወጣው ዶላር ለድፍድፍ ነዳጅ ከምታወጣው የበለጠባቸው ብዙ ዓመታት አሉ። ከተቆረጠባት ትታመማለች። ነገር ግን ቤጂንግ ታይዋን የእኔ ናት ማለት የጀመረችው ቲኤስኤምሲ ከመቋቋሙ 40 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የርስት ጥያቄ በትርፍና ኪሳራ ሂሳብ ብቻ እንደማይመራ እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ እናውቃለን። እኔ በዚያ ጋሻ ላይ ነፍሴን አልጥልም።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ። በ1960ዎቹ የቺፕ ትልቁ ገዢ የአሜሪካ መንግሥት ነበር። ሚኒትማን 2 የሚባለው ሚሳኤልና ጨረቃ ላይ የወጣው የአፖሎ ፕሮግራም ባይገዙ ይህ ኢንዱስትሪ በዚያ ፍጥነት ባልተነሣ። ዛሬ ጦሩ ከገበያው በጣም ትንሹ ደንበኛ ነው፤ ወረፋው ላይ ከስልክና ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ኋላ ይሰለፋል። አንድ ጃቬሊን ፀረ ታንክ ሚሳኤል ብቻ ከ200 በላይ ቺፕ አለበት። ኤፍ 35 የጦር አውሮፕላን ውስጥ ካሉት የተወሰኑት በአሜሪካ ኩባንያ ተነድፈው ታይዋን የተሠሩ ናቸው። ለታይዋን ከተሸጠው መሣሪያ ደግሞ በቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠረው ገና አልደረሰላትም። ደሴቲቱን የሚከላከለው መሣሪያ ክፍሉ ከደሴቲቱ ይመጣል። ጦርነቱ ቢራዘም የተተኮሰውን የሚተካው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እኔ በ3 ዶላር ቺፕ ላይ ቀምሼዋለሁ።

አሁን ወደ አንተ ከተማ። ቲኤስኤምሲ በ2020 ፊኒክስ ላይ 12 ቢሊዮን ዶላር አፈሳለሁ አለ። ቁጥሩ 40 ሆነ፣ ከዚያ 65፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ 165 ቢሊዮን ተባለ። ባይደን በነሐሴ 2022 በፈረመው የቺፕስ ሕግ መሠረት 6.6 ቢሊዮን ዶላር የመንግሥት ድጋፍ ተፈቀደለት። ባለሙያ ጠፍቶ ዘግይቷል፤ ከታይዋን ሠራተኛ እስከ ማምጣት ደርሷል። ያም ሆኖ በ2024 መጨረሻ 4 ናኖሜትር የሚባለውን ትውልድ ማምረት ጀመረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዜሮ ተነሥተው ነው።

ግን አስተውል። ፊኒክስ 4 ናኖሜትሩን ይዞ ሲራመድ ታይዋን በ2025 መጨረሻ 2 ናኖሜትር ማምረት ገባች። የታይዋን መንግሥት አዲሱ ትውልድ ከአገር እንዳይወጣ ይፈልጋል። ኩባንያውም ራሱ እንደተናገረው፣ ያ ሁሉ 165 ቢሊዮን ፈስሶ ካለቀ በኋላ ከ2 ናኖሜትርና ከዚያ ከረቀቀው አቅሙ አሪዞና የሚኖረው 30 በመቶ ገደማ ነው። 70ው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ሌላው ደግሞ ፓኬጂንግ የሚባለው የመጨረሻ ሥራ ነው። ዋፈሩ ተቆርጦ፣ ካስፈለገም ከሜሞሪ ጋር ተጣምሮ፣ ታሽጎ ካልወጣ ቺፕ አይባልም። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆኑት ትልልቆቹ ቺፖች ይህ የሚሠራላቸው በዋናነት ታይዋን ነው። ስለዚህ ፊኒክስ የተሠራው ዋፈር አውሮፕላን ተሳፍሮ ታይዋን ይሄዳል፣ እዚያ ታሽጎ ይመለሳል።

አሜሪካ ትተዋታለች ወይ ላልከው፣ የእኔ ግምት ይህ ነው። ከጃፓን እስከ ፊሊፒንስ በተዘረጋው የደሴት ሰንሰለት መሐል ታይዋን አለች። እሷ ከተያዘች ጃፓን መተላለፊያዋ ይጠባል። ሴኡልና ማኒላም የእኛ ተራ መቼ ነው ማለት ይጀምራሉ። 23 ሚሊዮን ሰው መሪውን በድምፁ እየመረጠ የሚኖርባት አገርም ናት፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። እነዚህ ምክንያቶች ፊኒክስ ላይ ጡብ በተደረደረ ቁጥር አይቀንሱም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ነገሩን ወደ ሂሳብ እያወረዱት ነው። ትራምፕ በ2024 ታይዋን የቺፕ ሥራችንን ወስዳብናለች፣ ለምንጠብቃትም ትክፈለን ብሏል። መሪዎች ቃላቸውን በቺፕ ዋጋ መመዘን ከጀመሩ፣ ቺፑ ሲቀንስ ቃሉም ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ጓደኞችህ ቡና ላይ ያነሱትን ጥያቄ የታይፔ ሰዎችም ይጠይቁታል። የእነሱ ግን ሕይወታቸው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከአንተ ብዙ ሳይርቅ፣ ፒዮሪያ ላይ፣ አምኮር የሚባል ኩባንያ የፓኬጂንግ ፋብሪካ እየሠራ ነው። አሁን ከቲኤስኤምሲ በር የሚወጣው ሳጥን ወደ አየር ማረፊያ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ነህና፣ ጭነቱ ወደ ፒዮሪያ መታጠፍ የጀመረ ቀን ጻፍልኝ።